ተራራና አደይ አበባ በክር፦ የቱን ስህተት ልፍታ፣ የቱን ልተወው?

የመስከረምን ተራራ በክር ሠርቶ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ሸማኔ መሆን አያስፈልግም። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም፣ ትንንሽ ሚስማር፣ ጠንካራ የጥጥ ክር፣ የተራረፈ የሹራብ ክርና አንድ ሹካ ይበቃል።

ሚስማሩን ከላይና ከታች በ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ምቱና ድሩን፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች የሚወጠረውን የጥጥ ክር፣ እያመላለሳችሁ ወጥሩ። ለድር የሹራብ ክር አይሆንም፣ ይለጠጣል። ድሩ ከላላባችሁ ደግሞ ማባበል የለም፣ ፈትታችሁ እንደገና ነው።

ሥራው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። መጀመሪያ ጥቂት መስመር አረንጓዴ፣ አንዱን ድር ከላይ ሌላውን ከሥር እያሳለፋችሁ፣ ስትመለሱ በተቃራኒው። ጀማሪ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፤ ማጉን፣ ማለትም በድሩ መሃል በአግድም የሚያልፈውን ክር፣ ቀጥ አድርጎ ይስበዋል፣ ጠርዙም በየመስመሩ ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባና ሳይታወቀው ሥራው ወገበ ቀጭን ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ማጉን በቅስት አስተኙትና በሹካ ወደ ታች ምቱት። ስፋቱንም ቶሎ ቶሎ በማስመሪያ ለኩ። ግማሽ ሴንቲ ከጠበበ ወዲያው ፍቱ፣ «ኋላ ይስተካከላል» ብሎ ነገር የለም።

ለአደይ አበባው 6 ሴንቲ ሜትር ቢጫ ክር ቁረጡ። ሁለት ድር ላይ አጋድሙት፣ ጫፎቹን በጎንና በጎን ወደ ኋላ አዙራችሁ በመሃል አውጡና ወደ ታች ሳቡ። ከእያንዳንዱ የቋጠሮ ረድፍ በላይ ሁለት መስመር ተራ ሽመና ካልገባ ቋጠሮው ይንሸራተታል። ቢጫውን አታብዙ፣ ምንጣፍ ይሆንባችኋል።

ወደ ተራራው ስትደርሱ በየሁለት መስመሩ አንድ ድር እየቀነሳችሁ ውጡ። ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ሠራ? ተዉት። የሰሜን ተራሮችን ያየ ሰው ገደል እንዴት እንደሚቆራረጥ ያውቃል፣ እንዲያውም የተስተካከለው ነው ውሸት የሚመስለው። ሁለት ቀለም ሲገናኝ ክፍተት ከተፈጠረም መፍታት አያስፈልግም፣ ከኋላ በመርፌ ስፉት። የቅርቡን በወፍራምና በጠቆረ ክር፣ የሩቁን በቀጭንና ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ፈዛዛ ክር ሥሩ። ሰማዩ ያለ ቋጠሮ ይሁን።

በመጨረሻ የላይኛውን የድር ቀለበት ከሚስማሩ አውጥታችሁ ቀጭን ዱላ አስገቡበት፣ የታችኛውን ቆርጣችሁ ሁለት ሁለቱን ቋጥሩ። አበባውን በመቀስ ለመከርከም ግን አትቸኩሉ፤ አንድ ሁለት ቀን ተሰቅሎ ይደር፣ ክሩ ሲረጋ የትኛው እንደረዘመ ያኔ ይለያል።