5 ቮልቱ ለምን 5 ቮልት አልሆነም? የሬጉሌተር ችግርና መፍትሄ

ሬጉሌተር (ከፍ ያለ ቮልቴጅ ተቀብሎ እንደ 5 ቮልት ያለ ቋሚ ቮልቴጅ የሚያወጣ ዕቃ) ሲቃጠል የተለመደው መፍትሄ ነቅሎ አዲስ መተካት ነው። አዲሱም ጥቂት ቀን ይሠራና የፊተኛውን መንገድ ይከተላል። ሬጉሌተር በራሱ ድክመት የሚሞትበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ከፊቱ የሚመጣው ቮልቴጅ፣ ከኋላው የተሰካው ጭነት ወይም መውጫ ያጣ ሙቀት ነው። ገዳዩ ሳይታወቅ አዲስ ዕቃ መበየድ ገንዘብ ማባከን ነው። ይባስ ብሎም ከሬጉሌተሩ ኋላ ያለው፣ ዋጋው እጥፍ ድርብ የሆነው ዕቃ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ለምሳሌ የምወስደው ብዙዎች በቤታቸው የሚገጣጥሙትን የእንቁላል ማስፈልፈያ መቆጣጠሪያ ነው። 220 ቮልቱን ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ትንሽ ትራንስፎርመር አለው፤ ቀጥሎ ተለዋዋጩን ኤሲ ወደ ቀጥተኛ ዲሲ የሚቀይሩ አራት ዳዮዶች፣ ቮልቴጁን የሚያለሰልስ አንድ ትልቅ ካፓሲተር፣ ሦስት እግር ያለው 7805 ሬጉሌተር፣ ከዚያም ማይክሮኮንትሮለር (ሥራውን የሚያዝ ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ) እና ማሞቂያ አምፖሎቹን የሚያበራና የሚያጠፋ ሪሌ ይከተላሉ። የብዙ ሬዲዮና ማጉያ የኃይል ክፍልም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ምንም ነገር ከመንቀልዎ በፊት ሦስት ቦታ ይለኩ፤ የትራንስፎርመሩን መውጫ በኤሲ፣ የትልቁን ካፓሲተር ሁለት ጫፍ በዲሲ፣ የሬጉሌተሩን መውጫ በዲሲ። የሚለካው ጭነቱ ተሰክቶ እየሠራ ነው። ያለ ጭነት ሁሉም ነገር ጤነኛ ይመስላል። በ220 ቮልት በኩል ያለውን ሽቦና ብየዳ ግን ሶኬቱን ሳይነቅሉ አይንኩ። የሚጠግኑት ትራንስፎርመር ሳይኖረው 220ውን በቀጥታ የሚቀበል ቻርጀር ወይም የቴሌቪዥን ኃይል ሰጪ ከሆነ፣ ዋናው ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም 310 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በ10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሪዚስተር አራግፈው፣ ባዶ መሆኑን በቴስተር አረጋግጠው ይጀምሩ።

መውጫው ዜሮ ነው፣ ወይም 1 እና 2 ቮልት ላይ ቆሟል

መጀመሪያ መግቢያውን ይዩ። በካፓሲተሩ ላይ ቮልቴጅ ካለና መውጫው ከወደቀ የሬጉሌተሩን የመውጫ መስመር ከጭነቱ ያላቁ። 5 ቮልቱ ከተመለሰ ሬጉሌተሩ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ከኋላ ሾርት ያደረገ ካፓሲተር ወይም አይሲ ነው። 7805 ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ራሱን ለማዳን ቮልቴጁን ዝቅ ያደርጋል፤ ይህን ጠባዩን ሳያውቁ ጤነኛ ዕቃ የሚጥሉ ብዙ ናቸው።

በካፓሲተሩ ላይ ምንም ከሌለ ወደ ፊውዙ ይሂዱ። የፊውዙን መስታወት በብርሃን ፊት አዙረው ይመልከቱት። ውስጡ ጠቁሮ ወይም እንደ መስተዋት ብር ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ከባድ ሾርት ነበር፤ ምክንያቱን ሳያገኙ ሌላ ፊውዝ አይክተቱ። መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ ቀጭኑ ሽቦ መሃል ላይ ብቻ ከተቆረጠ ግን ጭነቱ ከልክ ትንሽ አልፏል ወይም ፊውዙ አርጅቷል። ፊውዙ ደህና ሆኖ ትራንስፎርመሩ ምንም ካላወጣ፣ ከ220 ጥቅሉ ጋር በተከታታይ የተገጠመ የሙቀት ፊውዝ በውስጡ ተቆርጦ ይሆናል። ቀጥታ በሽቦ ማገናኘት እሳት መጋበዝ ነው፤ በተመሳሳይ ዲግሪ ይተኩት።

አዲስ ዕቃ ተክተው ወዲያው ችግሩ ከመጣ እግሮቹን ያጣሩ። 7805ን ጽሑፉ ወደ እርስዎ ዞሮ ሲይዙት ከግራ መግቢያ፣ መሬት፣ መውጫ ነው። አሉታዊ 5 ቮልት የሚያወጣው 7905 ከግራ መሬት፣ መግቢያ፣ መውጫ ነው። ትንሿ 78ኤል05 ደግሞ ጠፍጣፋ ፊቷን ሲያዩ ከመውጫ ትጀምራለች። መልካቸው ቢመሳሰልም አንዱን በሌላው ቦታ መክተት ዕቃውን ሊያጠፋ ይችላል።

ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይሠራል

ይህ የሙቀት ምልክት ነው፤ ሒሳቡን አንድ ጊዜ መሥራት ብዙ ዕቃ ያድናል። 12 ቮልት የተባለው ትራንስፎርመር ከዳዮዶቹ በኋላ የሚሰጠው 12 ቮልት አይደለም። 12 በ1.41 ሲባዛ 17 ገደማ ይሆናል፤ ዳዮዶቹ 1.4 ሲወስዱ 15.5 ቮልት ይቀራል። 7805 ከዚህ 5ቱን ብቻ አሳልፎ 10.5ቱን በሙቀት መልክ ይጥላል። ጭነቱ 0.3 አምፔር ቢስብ ከ3 ዋት በላይ በዚያች ትንሽ ዕቃ ላይ ይቃጠላል። 7805 ሂት ሲንክ (ሙቀቱን የሚያወጣለት ብረት) ከሌለው እያንዳንዱ ዋት 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ 3 ዋት ከክፍሉ ሙቀት ላይ 200 ዲግሪ ገደማ መጨመር ነው። ዕቃው ግን 150 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ይዘጋል። የሚጠፋውና የሚበራው ለዚህ ነው።

የእኔ ምርጫ ከሂት ሲንኩ በፊት የሚጣለውን ቮልቴጅ መቀነስ ነው። በ9 ቮልት ትራንስፎርመር መግቢያው 11.3 ቮልት አካባቢ ይሆናል፤ ሙቀቱም ከ2 ዋት በታች ይወርዳል። በዚህ ላይ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ክንፍ ያለው አልሙኒየም በሙቀት ቅባት ቢታሰር በእርጋታ ይሠራል። ትራንስፎርመሩን መቀየር ካልቻሉ ከሬጉሌተሩ በፊት 10 ኦም፣ 5 ዋት ሪዚስተር በተከታታይ ያስገቡ። በ0.3 አምፔር 3 ቮልት ይጥላል፤ ሙቀቱም በሁለት ዕቃ ይከፈላል። ጭነቱ ከግማሽ አምፔር ካለፈ ግን ኤልኤም2596 (በፍጥነት እያበራ እያጠፋ ቮልቴጅ የሚቀንስ ሬጉሌተር) ያለበት የተዘጋጀ ቦርድ ይሻላል፤ ትርፉን ቮልቴጅ በሙቀት ስለማይጥል ብዙም አይግልም። ቦርዱን ጭነት ላይ ከማሰርዎ በፊት የማስተካከያውን ብሎን እያዞሩ በቴስተር 5 ቮልት ላይ ያቁሙት። ከፋብሪካ ሲመጣ ምን ላይ እንደቆመ አይታወቅም፤ 12 ቮልት ላይ ከሆነ ማይክሮኮንትሮለሩ በቅጽበት ይሄዳል።

ሂት ሲንክ ሲያስሩ የዕቃው የብረት ጀርባ ከየትኛው እግር ጋር እንደሚገናኝ ይወቁ። የ7805 ጀርባ መሬት ስለሆነ ከብረት ሳጥን ጋር ቢነካካ ችግር የለውም። የኤልኤም317 (መውጫው የሚስተካከል ሬጉሌተር) ጀርባ መውጫው ነው፤ የ7905 ደግሞ መግቢያው ነው። እነዚህ ሁለቱ ከሥራቸው የሚካ ወረቀትና ለብሎኑ የፕላስቲክ ቀለበት ይፈልጋሉ።

ቴስተሩ ትክክል ያሳያል፤ ማይክሮኮንትሮለሩ ግን በራሱ እየጠፋ ይነሳል

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም መለኪያው ራሱ ያሳስታል። በዲሲ ላይ ያለ ቴስተር አማካዩን ያነባል እንጂ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚወርደውንና የሚወጣውን መዋዠቅ አያሳይም። 7805 በትክክል ለመሥራት ከመውጫው 2 ቮልት ያህል የሚበልጥ፣ ማለትም 7 ቮልት መግቢያ ይፈልጋል። ለአፍታም ቢሆን ከዚያ በታች ከወረደ መውጫውም አብሮ ይወርዳል።

የመዋዠቁን መጠን ለመገመት አምፔሩን በ0.01 ሰከንድ አባዝተው ለካፓሲተሩ ፋራድ ያካፍሉ። ግማሽ አምፔር ከ1000 ማይክሮፋራድ ሲሳብ 5 ቮልት ይመጣል። ሙቀት ለመቀነስ ያስገባነው የ9 ቮልት ትራንስፎርመር ጫፉ 11.3 ነበር፤ 5 ሲቀነስ 6.3፣ ማለትም ከ7 በታች። በ2200 ማይክሮፋራድ መዋዠቁ 2.3 ቮልት ስለሚሆን ሸለቆው (የመዋዠቁ ዝቅተኛ ነጥብ) 9 ላይ ይቆማል። ነገር ግን ማታ ሁሉም ሰው ምጣድ ሲጥድ የሰፈሩ 220 ቮልት ወደ 180 ቢወርድ ጫፉ ራሱ 9 ይሆንና ሸለቆው 6.7 ላይ ይገባል። «ቀን ይሠራል፣ ማታ ያስቸግራል» የሚባለው መሣሪያ ብዙ ጊዜ ምስጢሩ ይኸው ነው። 4700 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት ካፓሲተር ቢገባ ሸለቆው ወደ 7.9 ይመለሳል።

ሳይገምቱ ለማየት ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርገው በትልቁ ካፓሲተር ጫፎች ይለኩ። ርካሽ ቴስተሮች ዲሲውንም ቀላቅለው የተሳሳተ ቁጥር ስለሚያወጡ ከአንዱ መለኪያ ሽቦ ጋር 1 ማይክሮፋራድ ዋልታ የሌለው ካፓሲተር በተከታታይ ያድርጉ። ንባቡ ከ1 ቮልት ብዙ ካለፈ ካፓሲተሩን ይጠርጥሩ። ያረጀ ካፓሲተር አናቱ ሊያብጥ ይችላል፤ ሳያብጥም ግን አቅሙን ያጣ ብዙ ነው። ኃይል አጥፍተው፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ጠብቀው አዲስ ካፓሲተር ጎን ለጎን ይበይዱ፤ ችግሩ ከጠፋ አሮጌውን ያውጡ። ካልጠፋ አራቱን ዳዮዶች አንድ በአንድ ይለኩ። አንዱ ተቆርጦ ከሆነ ካፓሲተሩ የሚሞላው በሰከንድ 50 ጊዜ ብቻ ስለሆነ መዋዠቁ እጥፍ ይሆናል።

ከሬጉሌተሩ እግር ሥር መግቢያው ላይ 0.33፣ መውጫው ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር መኖሩንም ይዩ። ሬጉሌተሩ ኤኤምኤስ1117 ከሆነ መውጫው ላይ 22 ማይክሮፋራድ ታንታለም ካፓሲተር ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል።

መውጫው ከ5 በላይ ነው

ኃይሉን ወዲያውኑ ያጥፉ። ከሁሉም አደገኛው ምልክት ይህ ነው፤ ማይክሮኮንትሮለር ዝቅተኛ ቮልቴጅን ይችላል፣ ከፍተኛውን ግን አይምርም። ሬጉሌተሩ ከውስጥ ሾርት አድርጎ መግቢያውን በሙሉ እያሳለፈ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከመንቀልዎ በፊት የመሃለኛውን እግር ብየዳ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። በእግሩ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር ቀለበት ከታየ ብየዳው ተሰንጥቋል። የመሬት እግሩ ሲላቀቅ 7805 5 ቮልትን ከምን እንደሚለካ ያጣና መውጫው ወደ መግቢያው ይጠጋል። ዕቃው ጤነኛ ነው፤ እንደገና መበየድ ይበቃል። በኤልኤም317 ደግሞ ከማስተካከያ እግሩ ወደ መሬት የሚወርደው ሪዚስተር ሲቆረጥ ያው ይደርሳል።

መከላከያው የ5.6 ቮልት ዜነር (ከተወሰነ ቮልቴጅ በላይ ማሳለፍ የሚጀምር ዳዮድ)፣ አንድ ታይሪስተር (ሲቀሰቀስ የሚያስተላልፍ የኤሌክትሮኒክ ማብሪያ) እና ከሬጉሌተሩ በፊት የገባ ፊውዝ ነው። መውጫው ከ6 ቮልት ትንሽ ሲያልፍ ዜነሩ ታይሪስተሩን ይቀሰቅሳል፣ ታይሪስተሩ መስመሩን ሾርት ያደርጋል፣ ፊውዙ ይቆረጣል። ዜነር ብቻውን፣ ያለ ፊውዝ፣ ብዙም አይታመንም፤ 1 ዋት የሚችል ዕቃ ትራንስፎርመሩ የሚሰጠውን ሁሉ ተሸክሞ መቆየት አይችልም።

ሪሌው ሲጠፋ ማይክሮኮንትሮለሩ ይደናገራል፤ ትራንዚስተሩም ይቃጠላል

የሪሌ ጥቅል ኃይሉ ድንገት ሲቋረጥበት ያጠራቀመውን በከፍተኛ ቮልቴጅ መልሶ ይረጫል። በ12 ቮልት የሚሠራ ሪሌ ከመቶ ቮልት በላይ ሊመልስ ይችላል፤ ሪሌውን የሚያዝዘው ቢሲ547 ትራንዚስተር የሚችለው 45 ቮልት ነው። መፍትሄው 1ኤን4007 ዳዮድ በጥቅሉ ሁለት ጫፍ ላይ፣ ባለ ብር መስመሩ ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ ዞሮ መበየድ ነው። ተገልብጦ ከገባ ሪሌው እንዲሠራ ሲታዘዝ ሾርት ይሆንና ትራንዚስተሩን ራሱ ያቃጥላል። ዳዮዱ ኖሮም መደናገሩ ከቀጠለ፣ ሪሌው የውሃ ፓምፕ ወይም ማራገቢያ ሞተር የሚያቋርጥ ከሆነ ብልጭታውን በመገናኛው በኩል ይፈልጉ። በመገናኛው ላይ 100 ኦም ሪዚስተርና 275 ቮልት ኤሲ የተጻፈበት 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ አድርገው ያስሩ። ተራ ካፓሲተር እዚህ ቦታ አይገባም።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ይቃጠላል

ከፊውዙ ቀጥሎ፣ በፌዝና በኒውትራል መካከል 471 የተጻፈበት ቫሪስተር ያስገቡ። እስከ 300 ቮልት ኤሲ ዝም ብሎ ይቆያል፤ ከዚያ በላይ የሚመጣውን አጭር ግፊት ይውጠዋል። ቫሪስተሩ ተሰንጥቆ ወይም ጠቁሮ ካገኙት ሥራውን ሠርቷል፤ እሱንና ፊውዙን አብረው ይተኩ። ቆርጦ አውጥቶ መተው ቀጣዩን ግፊት ለትራንስፎርመሩ መተው ነው።

ቫሪስተር የማይመልሰው አንድ አደጋ አለ። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራሉ ሲላላ ቤቱ ውስጥ የሚገባው ቮልቴጅ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ የሚቆየውም ለደቂቃዎች ነው። አምፖል ከወትሮው በላይ ሲደምቅ፣ ወይም ሌላ ክፍል ሲፈዝ አንዱ ክፍል ሲያበራ ካዩ ዋናውን ማብሪያ ያውርዱና ለመብራት ኃይል ሠራተኞች ያሳውቁ። ለእንዲህ ያለው ቤት ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ ቆርጦ፣ ሲስተካከል ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚመልስ መከላከያ መግጠም ያስፈልጋል።

ከባትሪ የሚሠራ ከሆነ

ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገልብጦ እንዳይገባ 1ኤን5819 ዳዮድ በተከታታይ ያድርጉ፤ ግማሽ ቮልት ገደማ ብቻ ይወስዳል፣ እስከ 1 አምፔርም ይበቃል። በመውጫው በኩል ትልቅ ካፓሲተር ካለ ደግሞ 1ኤን4007 ከመውጫ ወደ መግቢያ፣ ባለ ብር ጫፉ ወደ መግቢያ ሆኖ ይበየድ። መግቢያው ድንገት ሾርት ቢያደርግ ካፓሲተሩ የያዘው ሁሉ ሬጉሌተሩን ወደኋላ ጥሶ እንዳይወጣ መንገድ ይሰጠዋል።

ከጥገና በኋላ መጀመሪያ ሲያበሩ ከ220 መስመሩ ጋር በተከታታይ ክር ያለው የ25 ወይም የ60 ዋት አምፖል ያስገቡ፤ ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከፈዘዘ መልካም ነው። በሙሉ ብርሃኑ ከቆየ ሾርቱ አልወጣም፤ አጥፍተው ወደ ዳዮዶቹና ወደ ካፓሲተሩ ይመለሱ። ከዚያ አምፖሉን አውጥተው፣ ጭነቱን ሁሉ ሰክተው፣ የሳጥኑን ክዳን ዘግተው አንድ ሰዓት ያሠሩትና ሦስቱን ቦታዎች እንደገና ይለኩ።