ነጠላው ሲበላ፣ ሰውየው ጦሳ ላይ ሲለጠፍ፦ የግሪን ስክሪን ችግርና መፍትሄ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮና የዘፈን ክሊፕ የምትሠሩ ሁሉ፣ ግሪን ስክሪን (ሰውን አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ቀርጾ ጨርቁን በሌላ ምስል መተካት) አልወጣ ሲላችሁ ወደ ሶፍትዌሩ አትሩጡ። አብዛኛው ጥፋት የሚፈጠረው ቀረጻው ላይ፣ ያውም በመብራት ነው።

ምልክት፦ ነጠላው አረንጓዴ መሰለ ወይም ተበሳሳ

እኛ ዘንድ ከሁሉ የሚያስቸግረው ይሄ ነው። ነጠላ ስስ ስለሆነ ከኋላው ያለው ጨርቅ በሽመናው መሀል ዘልቆ ይታያል። ከጨርቁ የሚነጥረው ብርሃን ደግሞ ነጩን አረንጓዴ ይቀባዋል።

ተቀራጩን ከጨርቁ ቢያንስ 2 ሜትር አርቁት፤ ቤቱ ከበቃ 3 ይሻላል። ለጨርቁና ለሰውየው የየራሳቸውን መብራት ስጡ፤ የጨርቁ ከፊቱ አይብለጥ። ኤዲቲንግ ላይ በአንድ ኪይ (አረንጓዴውን ለይቶ በሚያወጣው ማስተካከያ) ሁሉንም ለመጨረስ አትሞክሩ። ለፊትና ለአካል ጠንከር ያለ፣ ለነጠላው ለስለስ ያለ ኪይ አውጡና በማስክ (የምስሉን ክፍል ለይቶ በሚከልል ቅርጽ) አገናኟቸው። አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ በኪላይት (በኪይ መሣሪያው) የምትሠሩ ከሆነ እይታውን ስክሪን ማት (የሚቀረው ነጭ፣ የሚወጣው ጥቁር ሆኖ የሚታይበት) ላይ አድርጉ፤ ክሊፕ ብላክን በጥቂቱ ከፍ፣ ክሊፕ ዋይትን በጥቂቱ ዝቅ አድርጉ። ነጠላው ላይ ግራጫ መቅረት አለበት። ሙሉ ነጭ ካደረጋችሁት ካርቶን የለበሰች ሙሽራ ታገኛላችሁ። የተረፈውን አረንጓዴ በዲስፒል (የአረንጓዴ ነጸብራቅ ማጥፊያ) አውጡት። ለሶፍትዌር የሚከፈል ከሌለ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ ስሪት ዴልታ ኪየር የሚባል የኪይ መሣሪያ አለው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ጥለቱ ራሱ አረንጓዴ ከሆነ ግን አትታገሉ፤ ሰማያዊ ጨርቅ ስቀሉ።

ምልክት፦ አንዱ ፍሬም ንጹህ፣ ቀጣዩ ቆሻሻ

የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። በ25 ፍሬም ስትቀርጹ ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አድርጉ። ኤክስፖዠር (የብርሃን መጠን) እና ዋይት ባላንስ (የነጭ ቀለም ማስተካከያ) አውቶ ላይ ካሉም ቆልፏቸው።

ምልክት፦ የፀጉሩ ጠርዝ ተቆራረጠ

ብዙ ካሜራና ስልክ የሚቀርጸው በ4:2:0 ነው፤ ለአራት ፒክስል አንድ የቀለም መረጃ ብቻ ይይዛል። ጎፈሬና ሹሩባ እዚያ ላይ ይጠፋል። 4:2:2 (ለሁለት ፒክስል አንድ የቀለም መረጃ የሚይዝ) ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ፤ ከሌላችሁ በ4ኬ ቀርጻችሁ በ1080 አውጡ። የካሜራውን ሻርፕነስም ዝቅ አድርጉት።

ምልክት፦ ኪዩ ንጹህ ነው፣ ሰውየው ግን የተለጠፈ ይመስላል

የደሴውን ጦሳ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ስትቀርጹት ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ ጥላ የለም፣ ጥቁሩም ወደ ግራጫ ያደላል። በዚያ ላይ በአንድ ኃይለኛ መብራት የተቀረጸ ሰው ሲቀመጥ ዓይን ወዲያው ይጠራጠራል። ለሰውየው ትልቅ ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ የመብራት ሳጥን) ስጡት፣ ጥቁሩን ከጭጋጉ ጋር እስኪመሳሰል አንሱት። የኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ ተቃራኒው ነው፤ ከላይ የሚመጣ ጠንካራ መብራትና ደማቅ ጥላ ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ውጪውን ቅረጹ። ሰዓቱን፣ ፀሐይ የመጣችበትን አቅጣጫ፣ የሌንሱን ሚሊሜትር፣ የካሜራውን ከፍታ ጻፉ፤ ስቱዲዮ ገብታችሁ ያንኑ ድገሙት። እግሩ የሚታይ ከሆነ መሬቱ ላይ ጥላ ሥሩለት፤ ካልቻላችሁ ከወገብ በላይ ቅረጹት። በመጨረሻም ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ግሬን (ምስሉ ላይ የሚታይ ደቃቅ ነጠብጣብ) ጨምሩ።

የጨርቅ መጨማደድ ቀላሉ ነው፦ ካውያ አድርጉት፣ ወጥራችሁም ስቀሉት።