ዲፓርትመንት ሄድ ሆናችሁ የሆነ ነገር ለመቀየር ስታስቡ

አዲስ የዲፓርትመንት ሄድ ወይ ዲን ሆናችሁ "ይሄ ነገርማ መቀየር አለበት" ብላችሁ ከተነሳችሁ፣ በፈጣሪ፣ መጀመሪያ ሚቲንግ እንዳትጠሩ። እኔ ጠርቼ አይቼዋለሁ። ፋይናል ብቻውን ከመቶ 60 የሚይዝበትን ነገር እናስቀርና ተማሪው በየጊዜው ይፈተን ብዬ ስላይድ ሰርቼ አቀረብኩ፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ "በጣም ጥሩ ሀሳብ ነው" ተባለ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ በቃ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ያው ፋይናል ያው 60።

ዩኒቨርሲቲ ከላይ ስለታዘዘ ብቻ አይንቀሳቀስም። ካርል ዋይክ የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1976 የትምህርት ተቋም ክፍሎች ላላ ብለው ነው የተያያዙት ብሎ የጻፈው ይሄንኑ ነው፣ ሴኔት (የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ጉዳይ የሚወሰንበት ጉባኤ) ያጸደቀው ክላስ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል፣ መምህሩ በሩን ከዘጋ በኋላ አለቃው እሱ ራሱ ነው። (ጥሩ ጎንም አለው ባይ ነኝ፣ የማይረባ የአለቃ ሀሳብም እዛው በር ላይ ነው የሚቀረው።)

ስለዚህ ቢሮ ለቢሮ ዙሩ፣ አንድ በአንድ፣ በተለይ ይቃወመኛል ብላችሁ የምትፈሩት ሰው ጋ ቀድማችሁ ግቡ። ሀሳባችሁን ከማውራታችሁ በፊት "ከዚህ በፊት ተሞክሮ ነበር እንዴ?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አንድ አንጋፋ መምህር ጋ ገብቼ ስጠይቃቸው መሳቢያቸውን ሳብ አድርገው የቆየ ቃለ ጉባኤ አወጡ፣ የኔው ሀሳብ ቁጭ ብሏል። "ልጄ፣ 120 ተማሪ ነው ያለኝ፣ በየሁለት ሳምንቱ ማን ያርምልኛል?" አሉኝ። ለካ ለውጥ ጠልተው አይደለም፣ እርማቱ ነው። ኩርት ሌዊን የሚባለው የሥነ ልቦና ምሁር ዝም ብሎ ከመግፋት ወደ ኋላ የሚይዘውን ነገር ማላላት ይሻላል የሚለው ነገር ያኔ ነው የገባኝ። ኩዊዙን አጭር አደረግነው፣ ተማሪዎቹ ክላስ ውስጥ እርስ በርስ እንዲተራረሙ ሆነ፣ ተርም ፔፐሩን ደሞ ጭራሽ አስቀረነው። አዲስ ስራ ጨምራችሁ አሮጌውን ካልቀነሳችሁ ማንም አይከተላችሁም።

ከዛ በአንድ ኮርስ፣ ለአንድ ሴሚስተር፣ ፈቃደኛ በሆነ መምህር ሞክሩት። የቀድሞውን ውጤትና ያቋረጠውን ተማሪ ቁጥር ከመጀመራችሁ በፊት ያዙ፣ አለዚያ በኋላ ማወዳደሪያ ታጣላችሁ። ሴኔት የምትሄዱት ይሄን ይዛችሁ ነው።

ግን ከሴኔት በፊት ሬጅስትራር! ይሄን ብዙ ሰው ይረሳል። እኛ ጋ ሁሉም ተስማምቶ ግሬድ ማስገቢያው ሲከፈት ሚድና ፋይናል የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ ነበሩት፣ ኩዊዙን የት እናስገባው? ሲስተሙን የሚነካካውን ልጅ ቀድማችሁ አናግሩት፣ ከዲኑ በላይ ሊጠቅማችሁ ይችላል።

ኃላፊነት ደሞ ጊዜያዊ ነው፣ ነገ ሌላ ሰው ይተካችኋል። ስለዚህ ለውጡ በእናንተ ጭቅጭቅ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል የኮርስ አውትላይኑም ላይ ሲስተሙም ላይ አስገቡት፣ ቀጣዩ ሄድ ላጥፋው ቢል እሱም በተራው ሬጅስትራር ቢሮ ደጅ ይጥና።