የዓመቱን የእግር ኳስ ጌም ስንመዝን የምንሠራቸው ስህተቶች

በየዓመቱ መስከረም ሲጋመስ አዲሱ የእግር ኳስ ጌም ይወጣል። ሁለት ቀን ሳይሞላው ሁሉም ፍርዱን ሰጥቶ ይጨርሳል። ገሚሱ «እስካሁን ከወጡት ሁሉ ምርጡ ነው» ይላል። ገሚሱ «ያው የአምናው ነው፣ ቁጥሩን ብቻ ነው የቀየሩት» ይላል። ሁለቱም ወገን ብዙ ጊዜ ሲሳሳት አይቻለሁ። እኔም ከሁለቱም ጋር ቆሜ ተሳስቻለሁ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ዓመቱን ሙሉ አብሮት የሚቆየውን ጌም የሚመርጠው እኛ የምንለውን ሰምቶ ነው። ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ መፍረድ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አዲስ ጌም በመጀመሪያው ቀን ሁሌም ይጣፍጣል። የኳሱ ፍጥነት ተቀይሯል፣ ሜኑው ሌላ ነው፣ በክረምቱ የፈረሙት ተጫዋቾች በአዲሱ ማሊያቸው ገብተዋል። የጌሙን ቀዳዳ ግን ገና ማንም አላገኘም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ኳስ ይዞ ይጫወታል፤ ጎሎቹም ዓይነታቸው ይለያያል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልኩ ይቀየራል። አንዱ በቀላሉ ጎል የሚገባበትን መንገድ ያገኛል። ከሳጥኑ ጠርዝ የሚጠመዘዝ ምት ሊሆን ይችላል። ከመስመር ወደ ኋላ የሚቆረጥ ኳስም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲያ ኦንላይን የምትገጥሙት ሰው ሁሉ ያንኑ ይደጋግማል። የጌሙ እውነተኛ ጠባይ የሚወጣው ያኔ ነው።

አንድ ዓመት ላይ ሁለት ቀን ብቻ ተጫውቼ «ዘንድሮ መከላከሉ ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩ። በሙሉ ልቤ ነበር የጻፍኩት። ወር ሳይሞላ ተከላካዮቼ ከጀርባቸው የሚሮጠውን አጥቂ ቆመው ሲያዩት አገኘኋቸው። ያደነቅኩት የተከላካዮቹን ንቃት አልነበረም። ተጋጣሚዎቼ ጌሙን ገና ስላልለመዱት ነው ያማረልኝ። አንድ አንባቢ ጽሑፌን አምኖ እንደገዛው ሲነግረኝ ከልቤ አዘንኩ።

የአፕዴቱም ጉዳይ አለ። የኢኤ ኩባንያ ጌም የሆነው ፊፋ 22 ሲወጣ በረኞቹ የማይያዘውን ሁሉ ይይዙ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በአፕዴት እንዲቀንሱ ተደረገ። በመጀመሪያው ሳምንት «በረኞቹ ናቸው የጌሙ ጥንካሬ» ብሎ የጻፈ ሰው በቀጣዩ ወር ስለሌለ ጌም ነበር የሚያወራው። በተቃራኒው ደግሞ የኮናሚ ኩባንያ ኢፉትቦል (ቀድሞ ፔስ ይባል የነበረው) አለ። በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የተጫዋቾቹ ፊት ተበላሽቶ፣ እንቅስቃሴው ተሳክሮ ነበር። የኮምፒዩተር ጌም በሚሸጥበት በስቲም ላይ ከባድ ውግዘት ወረደበት። ኩባንያው ዋናውን አፕዴት እስከ ሚያዝያ 2022 ለማዘግየት ተገደደ። ከዚያ በኋላ የገባ ሰው ያየው የተለየ ጌም ነው።

እኔ አሁን ሦስት ጊዜ ማስታወሻ እይዛለሁ። አንዱን በመጀመሪያው ቀን፣ ሁለተኛውን ከ30 ጨዋታ በኋላ፣ ሦስተኛውን የመጀመሪያው ትልቅ አፕዴት ከገባ በኋላ። በሦስቱም ላይ ተደግሞ ያገኘሁት ነገር ብቻ ነው ጥንካሬ ወይም ድክመት የሚባለው።

የትኛውን ቅጂ እንደተጫወቱ አለመናገር

ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ጌም ሲጨቃጨቁ ብዙ ጊዜ የያዙት አንድ ጌም አይደለም። ስሙና ሽፋኑ ይመሳሰላል፤ ውስጡ ይለያል።

ፊፋ 14ን ውሰዱ። በ2013 በፕሌይስቴሽን 4ና በኤክስቦክስ ዋን ላይ የወጣው ኢግናይት በሚባል አዲስ ኢንጂን (ጌሙን በሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር) ነበር። በኮምፒዩተር ላይ የወጣው ግን በድሮው ኢንጂን ነው። ፊፋ 22ም እንደዚያው ነበር። የተጫዋቾቹን እንቅስቃሴ ወደ እውነተኛው የሚያቀርበው ሃይፐርሞሽን የተባለው ቴክኖሎጂ በፕሌይስቴሽን 5ና በአዲሶቹ ኤክስቦክሶች ላይ ሲገባ የኮምፒዩተሩ ቅጂ አላገኘውም። የኮምፒዩተር ተጫዋቾች እስከ ፊፋ 23 ድረስ ጠብቀዋል። የኒንቴንዶ ስዊች ተጫዋቾች ደግሞ ይብስባቸው ነበር። ከፊፋ 20 እስከ ፊፋ 23 የደረሳቸው «ሌጋሲ ኤዲሽን» ነው። ይሄ ማለት ጨዋታው እንዳለ ሆኖ የቡድኖቹ ስብስብና ማሊያው ብቻ ታድሶ ማለት ነው።

ስለዚህ አስተያየታችሁን ስትጀምሩ በምን ላይ እንደተጫወታችሁ ተናገሩ። ስትሰሙም ይህንኑ ጠይቁ።

ሁሉንም ሞድ በአንድ ፍርድ ማጠቃለል

«ጌሙ ጥሩ ነው» የሚባል ነገር የለም። ለማን ነው ጥሩ? ካሪየር ሞድ ላይ ለብቻው ቁጭ ብሎ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ያለ ቡድንን ከፍ ማድረግ ለሚወድ ሰው ነው? ወይስ የተጫዋች ካርድ እየሰበሰበ ቡድን በሚሠራበት አልቲሜት ቲም ላይ ኦንላይን በየሳምንቱ ለሚፋለም?

ሁለቱ የሚፈልጉት ነገር ይጋጫል። የካሪየር ተጫዋች ጨዋታው ረጋ እንዲል ይፈልጋል። ኳስ አንዳንዴ እንድትነጥር፣ አማካዩ እንዲደክም፣ ደካማው ቡድን ተከላክሎ አቻ እንዲወጣ ይፈልጋል። የኦንላይን ተፎካካሪ ግን ቁልፍ ሲጫን ተጫዋቹ ወዲያው እንዲታዘዘው ነው የሚፈልገው። ለሱ ሳይታሰብ የምትነጥር ኳስ ግፍ ናት።

ይህን አምራቹ ራሱ ያመነው በ2025 ነው። ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 26 (ቀድሞ ፊፋ ይባል የነበረው ጌም) ሁለት ዓይነት አጨዋወት ይዞ መጣ፤ አንዱ ለኦንላይን ፉክክር፣ ሌላው ወደ እውነተኛው እግር ኳስ ለሚቀርበው የብቻ ጨዋታ። እንግዲህ አምራቹ ጌሙን ለሁለት ከከፈለው እኛ በአንድ ነጥብ ልንጨርሰው አንችልም። እኔ ካሪየሩንና ኦንላይኑን ለየብቻ ነው የምመዝነው። ድምር ነጥብ መስጠት ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ሴቲንጉን ሳይነኩ «ኮምፒዩተሩ ደደብ ነው» ማለት

ብዙ ሰው ጌሙን ይከፍትና እንዳለ መጫወት ይጀምራል። አምስት ጎል ሲያገባ ደግሞ «ኮምፒዩተሩ መከላከል አያውቅም» ይላል። የከባድነት ደረጃውን አልነካም። የአጋማሹን ርዝመት አላየም። ስላይደሮቹን፣ ማለትም እንደ ፓስ ስህተትና ሩጫ ያሉትን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉትን መቆጣጠሪያዎች፣ ከፍቶ አያውቅም።

እነዚህ ነገሮች ጨዋታውን በጣም ይለውጡታል። የፓስ ስህተትን ትንሽ ከፍ ስታደርጉት ሁሉም ቡድን እንደ ባርሴሎና መቀባበሉን ያቆማል። ሩጫውን ዝቅ ስታደርጉት አማካዮች ሥራ ያገኛሉ። የአጋማሹ ርዝመትም ዋና ነገር ነው። እያንዳንዱ አጋማሽ 6 ደቂቃ ከሆነ ጠቅላላ ጨዋታው 12 ደቂቃ ነው። በዚያች 12 ደቂቃ ውስጥ የ90 ደቂቃን ያህል ምት ለማስገባት ጌሙ መጣደፉ ግድ ነው። «ሩጫ ብቻ ነው» የሚለው ስሞታ ግማሹ ከዚህ ይመጣል።

እኔ የምፈትነው እንዲህ ነው። አጋማሹን ወደ 10 ደቂቃ አደርገውና አስር ጨዋታ እጫወታለሁ። ከያንዳንዱ በኋላ የስታትስቲክስ ገጹን አያለሁ። በትላልቅ ሊጎች አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ባብዛኛው ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያህል ወደ ግብ ይመታል። የኔ ቁጥር ወደዚያ ከቀረበ ጥሩ። ከዚያ ደግሞ የተጋጣሚዎቼን ዓይነት አያለሁ። ኳስ በመያዝ የሚታወቀውና በመልሶ ማጥቃት የሚታወቀው ቡድን አንድ ዓይነት ከተጫወቱብኝ፣ ያ በስላይደር የማይስተካከል እውነተኛ ድክመት ነው። ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ድክመትም እሱ ነው። የቡድን ጠባይ የሌለው እግር ኳስ ማሊያ ብቻ ነው የሚሆነው።

ሽንፈትን ሁሉ በጌሙ ማሳበብ

በ89ኛው ደቂቃ ጎል ሲገባባችሁ «ስክሪፕት ነው፣ ጌሙ ፈልጎ ነው» ማለት በጣም ይቀላል። ስሜቱ ይገባኛል፤ ቢሆንም ስሜት ማስረጃ አይሆንም። በ2020 አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተጫዋቾች ኢኤን የጨዋታውን ከባድነት በስውር ይቀያይራል ብለው ከሰውት ነበር። ኩባንያው የቴክኒክ መረጃ ካቀረበላቸው በኋላ ከሳሾቹ በ2021 ክሱን ራሳቸው አነሱ።

ከመክሰሳችሁ በፊት ሪፕሌዩን ክፈቱ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት የመሃል ተከላካዩን ራሳችሁ ከቦታው ጎትታችሁ እንዳወጣችሁት ነው። የኢንተርኔት መዘግየት ከሆነም «ላግ ነበረ» ተብሎ ይጻፍ። ቁልፍ ተጭናችሁ ተጫዋቹ ዘግይቶ ሲታዘዝ ጥፋቱ የአጨዋወቱ ሳይሆን የግንኙነቱ ሊሆን ይችላል። ለማጣራት ያንኑ ነገር ከኢንተርኔት ውጪ ሞክሩት።

ላይሰንስን (የስም መጠቀሚያ ፈቃድን) ከሙያ ጋር መቀላቀል

ዩቬንቱስ በፊፋ 20 ውስጥ «ፒየሞንቴ ካልቾ» ተብሎ ነበር። ምክንያቱ ክለቡ ከኮናሚ ጋር መፈራረሙ ነው። በፊፋ 23 ስሙ ተመለሰ። ሻምፒዮንስ ሊግም ለዓመታት ከፔስ ጋር ቆይቶ በፊፋ 19 ወደ ኢኤ ዞረ። ይህ ሁሉ የውል ጉዳይ ነው። እውነተኛ ስምና ስታዲየም ደስ ይላል፤ እኔም እወደዋለሁ። ቢሆንም ኳሱ እንዴት እንደሚንከባለል አይነግረንም።

የአዲስ ነገር ስምን እንደ ጥንካሬ መቁጠር

በየዓመቱ አንድ ትልቅ ስም ይወጣል። ስሙን ከማስታወቂያው ገልብጦ «ጥንካሬዎች» በሚለው ሥር መጻፍ ግምገማ አይባልም። ጥያቄው አንድ ነው፤ ይሄ ነገር እኔ የምወስነውን ውሳኔ ቀይሯል?

ፊፋ 12 ቀይሯል። ከሱ በፊት አንድ ቁልፍ ይዛችሁ ከቆያችሁ ተከላካዩ ራሱ ሮጦ ኳሱን ይነጥቅላችሁ ነበር። በ2011 ታክቲካል ዲፌንዲንግ ሲመጣ ርቀት ጠብቃችሁ፣ ጊዜውን መርጣችሁ ራሳችሁ መግባት ግድ ሆነ። በመጀመሪያ ብዙ ሰው ጠላው። ዛሬ የምንከላከልበት መንገድ ግን ከዚያ ነው የመጣው። ተጠልቶ የተጀመረ ጥንካሬ እንዳለ ይህን ልብ በሉ።

ሌሎቹ እንደዚያ አልቆዩም። በፊፋ 17 የጀመረው የአሌክስ ሃንተር ታሪክ በፊፋ 19 አለቀ። የጎዳና እግር ኳሱ ቮልታ በፊፋ 20 መጥቶ በኤፍሲ 25 ቦታውን ራሽ ለተባለው የአምስት ለአምስት ጨዋታ ለቀቀ። በ2023 ደግሞ የጌሙ ስም ራሱ ከፊፋ ወደ ኤፍሲ ሲዞር ስንቱ ሰው አዲስ ጌም የመጣ መሰለው።

የገንዘቡን ነገር መዝለል

አልቲሜት ቲም ላይ ያለው የፓክ (ውስጡ ምን እንዳለ ሳይታወቅ የሚገዛ የካርድ እሽግ) ሽያጭ የጌሙ አካል ነው፤ ስለዚህ አብሮ ይመዘን። የቤልጂየም ባለሥልጣናት በ2018 እንዲህ ያለውን ዕጣ መሰል ሽያጭ ቁማር ብለውታል። ኢኤም በ2019 መጀመሪያ በዚያ አገር ፓክ የሚገዛበትን የፊፋ ፖይንት መሸጥ አቁሟል። አስተያየት ስትሰጡ አንድም ሳንቲም ሳትጨምሩ ለአንድ ወር ተጫውታችሁ ምን ዓይነት ቡድን እንደሠራችሁ ጻፉ። አንባቢ ከማንኛውም ነጥብ በላይ እሷን ይፈልጋታል።

የለውጡ መጠንም ከክፍያው ጋር ይታይ። ፔስ 2021 «ሲዝን አፕዴት» ተብሎ በቀነሰ ዋጋ ነው የወጣው። ብዙ አዲስ ነገር እንደሌለው በግልጽ ተናግሮ ነው የመጣው። ያንን ግልጽነት እስካሁን አከብረዋለሁ።

ከትዝታ ጋር ማወዳደር

«እንደ ድሮው ፔስ የለም» የምትለዋን እኔም ደጋግሜ ብያታለሁ። በመጨረሻ ከፕሌይስቴሽን 2 ዘመን የነበረውን አውጥቼ እንደገና ተጫወትኩት። ተጫዋቹ የሚዞረው በስምንት አቅጣጫ ብቻ ነው። ፊፋ 10 ላይ በሁሉም አቅጣጫ መንዳት ከመጣ በኋላ ወደዚያ መመለስ እጅ ያስራል። ዳኛው ጥፋት የሚነፋው በዘፈቀደ ነው። ጌሙን በሙሉ በትዝታዬ ውስጥ አሳምሬው ነበር የኖርኩት።

አንድ ነገር ግን ትዝታዬ አልዋሸኝም። ምቱ ክብደት አለው። ኳሷ ከእግር ስትወጣ ደካማና ጠንካራ ምት በእጅ ላይ ይለያያሉ፤ ጎል ስትገባ መረቡ ሲወጠር ይሰማል። የዘንድሮውን ጌም መልሼ ከፍቼ 20 ያህል ምት መታሁ፤ ያ ክብደት አልነበረውም። በማስታወሻዬ ላይ «ድክመት» በሚለው ሥር የጻፍኩት አንደኛው ነጥብ እሱ ነው።