እንጨት አኳሪየም ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ውሃችሁን ለኩ

ክረምቱ አልፎ ጣና ረጋ ሲል ዳር ዳሩን በእግር ብትሄዱ ውሃ ያለሰለሰው፣ ቅርፊቱ ተልጦ ያለቀ፣ የአጋዘን ቀንድ የመሰለ እንጨት አታጡም። ለአኳሪየም፣ ማለትም ዓሳ ለምናኖርበት የመስታወት ገንዳ፣ ከዚህ የሚያምር ጌጥ አላየሁም። የፕላስቲኩን ግንድ እዚያው ሱቁ ተዉት። ግን እንጨት ውሃ ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሻይ ቅጠል ሙቅ ውሃ ላይ እንደሚያደርገው ታኒንና ሌሎች ደካማ አሲዶችን ቀስ በቀስ ይለቃል። ውሃው መጀመሪያ ብርዝ ይመስላል፣ ሲሰነብት የጠጅ መልክ ይይዛል። ፒኤቹም፣ ማለትም የውሃውን አሲዳማነት የሚያሳየው ቁጥር፣ ሊወርድ ይችላል፤ በወረደ ቁጥር ውሃው አሲዳማ ይሆናል። መውረድ አለመውረዱን የሚወስነው ግን እንጨቱ ብቻ አይደለም፤ እሱን እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ እንጨቱን ምረጡ። የደረቀና ጠንካራ ይሁን፣ በጥፍር ሲጫኑት የማይሰረጎድ። ባህር ዛፍና ጽድ ይቅሩባችሁ፣ ዘይትና ሙጫ አላቸው። እንደ ቅንጭብና ቁልቋል ሲቆረጥ ወተት የሚያወጣውንም አትንኩ። ከዚያ በብሩሽ ፈትጉት። ሳሙና የሚባል አይድረስበት።

ቀጥሎ መቀቀል ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ስለዚህ እሳቱ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብታቆዩት ጥሩ ነው። ከሐይቁ ተጣብቆ የመጣ ቀንድ አውጣና እንቁላል ይሞታል፣ ቀለሙም በከፊል ይወጣል። ድስት የማይበቃው ትልቅ ከሆነ በርሜል ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ውሃውን በየሁለት ሦስት ቀኑ ለውጡ። ሳምንታት ይወስዳል። እስኪሰምጥ ጠብቁት፣ አትቸኩሉ።

አሁን ዋናው ነገር። ውሃ ውስጥ የሟሟ ባይካርቦኔት አለ። እንጨቱ የሚለቀውን አሲድ የሚያከሽፈው እሱ ነው። መጠኑ የሚለካው ኬኤች በሚባለው ነው። ኬኤቹ ከፍ ያለ ውሃ ውስጥ ግንድ ብትከቱበት እንኳ ቀለሙ ይቀየር ይሆናል እንጂ ፒኤቹ ብዙም አይነቃነቅም። ኬኤቹ ዝቅተኛ ከሆነ ግን ባይካርቦኔቱ ቀስ እያለ ያልቃል፣ ሲያልቅ ፒኤቹ በአንዴ ይወድቃል። ሰው ሁሉ ፒኤች ብቻ ይለካል። ፒኤች ግን የሚነግራችሁ የዛሬውን ነው፣ ነገ የሚመጣውን የሚያሳየው ኬኤች ነው።

ይህን የተማርኩት ዓሳዎቼን ገድዬ ነው። አንድ ክረምት ቧንቧ ለቀናት ሲጠፋብኝ ከቆርቆሮ ጣሪያ በበርሜል ያጠራቀምኩትን የዝናብ ውሃ መጠቀም ጀመርኩ። ንጹሕ ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ምን ያደርጋል ብዬ። የዝናብ ውሃ ኬኤቹ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። ገንዳው ውስጥ ደግሞ ክንዴን የሚያክል እንጨት ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉፒ የሚባሉት ትንንሽ ዓሳዎቼ ክንፋቸውን አጥፈው ታች ተኙ። ብለካው ፒኤቹ 5.5 ገብቷል። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ደንግጬ ግማሹን ውሃ ደፋሁና ፒኤቹ ከፍ ባለ የጉድጓድ ውሃ ተካሁት።

ጠዋት 11 ጉፒ ተንሳፎ አገኘሁ። ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። ፒኤች እንደዚያ ሲወርድ የዓሳውን ቆሻሻ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች ይደክማሉ፣ አሞኒያው ይጠራቀማል። ውሃው አሲዳማ እስከሆነ ድረስ አሞኒያው አሞኒየም ወደሚባል ሌላ መልክ ተቀይሮ ስለሚቆይ ያን ያህል አይጎዳም። ፒኤቹን በአንዴ ከፍ ስታደርጉት ግን ከፊሉ መርዛማው አሞኒያ ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ከገጠማችሁ ምግብ አቁሙ፣ በቀን ከአሥር አንድ እጁን ብቻ ለውጡ፣ አሞኒያውንም በየቀኑ ለኩ።

ይህ እንዳይደርስባችሁ የባልዲ ሙከራ አድርጉ። ሁለት ባልዲ ላይ ያው የምትጠቀሙበትን ውሃ ሙሉ። አንድ ቀን ይደር፣ ከቧንቧ እንደወጣ ፒኤቹ ልክ አይሆንም። ከዚያ እንጨቱን አንዱ ውስጥ ብቻ ክተቱና ለሳምንት ሁለቱንም ለኩ። ያለ እንጨት የተቀመጠው ማወዳደሪያችሁ ነው። መለኪያው የጠብታ ዓይነት ይሁን። የወረቀቱ መለኪያ እርጥበት ሲነካው ይዋሻል፣ እኔ ትቼዋለሁ። ለኬኤች 5 ሚሊ ውሃ ላይ ጠብታ እየቆጠራችሁ ትጨምራላችሁ፤ ሰማያዊው ድንገት ቢጫ ሲሆን ቁሙ። በብዙዎቹ መለኪያዎች አንዱ ጠብታ አንድ ዲግሪ ነው።

ኬኤቹ ከ4 ዲግሪ በላይ ከሆነ እንጨቱን አስገቡ፣ በየሳምንቱ ውሃ እየለወጣችሁ ኑሩ። ከ3 በታች ከሆነ ትንሽ እንጨት ምረጡ፣ ወይም ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ። ለ50 ሊትር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከ1 ተኩል እስከ 2 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። በሌላ ዕቃ አሟሙታችሁ ቀን በቀን ከፋፍላችሁ አፍስሱት። ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነገር ነው፣ እንዳታምታቱ። እንደ ካርዲናል ቴትራ ያለ ዓሳ ካላችሁ ደግሞ ለስላሳውን ውሃ ይወደዋል፤ የትውልድ ወንዙ ሪዮ ኔግሮ ራሱ ሻይ የመሰለ ነው። እሱም ቢሆን ድንገተኛ ለውጥ አይችልም።

ቀለሙን ካልወደዳችሁት ማጣሪያው ውስጥ አክቲቬትድ ካርበን፣ ማለትም ቀለም እንዲመጥ ተብሎ የተዘጋጀ ከሰል፣ ጨምሩ። የምድጃ ከሰል አይተካውም። ካርበኑ ቀለሙን ይወስዳል እንጂ ያለቀውን ኬኤች አይመልስም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንጨቱ ላይ ነጭ፣ ጥጥ የመሰለ ልጋግ ቢወጣ አትደንግጡ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት፣ ቆይቶ በራሱ ይጠፋል። እንጨቱ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ግን በዚያው ቀን አውጡት።