ከዋቱ በፊት ኦሙን ይዩ፦ የመኪና አምፕሊፋየር ሲገጠም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አምፕሊፋየር ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። «በስንት ኦም?» የሚል ጥቂት ነው። ኦም ስፒከሩ የኤሌክትሪክ ፍሰትን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ነው። ዋቱን የሚወስነው ግን አምፑ ብቻ ሳይሆን የታሰረበት ስፒከርም ነው። ኦሙ ሲያንስ ስፒከሩ ብዙ ከረንት ይስባል።

የካርቶኑን ዋት ማመን። በትልቁ የተጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለማሻሻጥ ነው። አርኤምኤስ (አምፑ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ዋት) የሚለውን ፈልጉ፣ ከጎኑ ያለውን ኦምም ጭምር። በ2 ኦም 200 ዋት የሚሰጥ አምፕ በ4 ኦም ብዙ ጊዜ ወደ ግማሹ ይጠጋል።

ስፒከር በተጨመረ ቁጥር ፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) ማሰር። አምፕ የሚፈጀው ይሄ ነው። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች ፓራለል ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፤ አራት ከሆኑ 1 ኦም። አምፑ 20 ቮልት እያወጣ ነው እንበል። በ4 ኦም 5 አምፒር ይሄዳል፣ 100 ዋት ማለት ነው። በ2 ኦም 10 አምፒር፣ 200 ዋት። ዋቱ እጥፍ ሆነ ብለው ደስ እንዳይልዎ፤ ለሁለት ስለሚካፈል እያንዳንዱ ስፒከር የሚደርሰው ያው 100 ነው። እሱም አምፑ 2 ኦም ከቻለ ነው። ካልቻለ ይግላል፣ የፕሮቴክት መብራቱ ይበራል፣ አለዚያም ይቃጠላል። የቴፑ የራሱ አምፕ ደግሞ በአብዛኛው ከ4 ኦም በታች አይችልም። ከበሩ ስፒከር ላይ ሌላ የሚቀጥል ባለሙያ ካጋጠመዎ ያስቁሙት።

የተለያየ ኦም ማደባለቅ። ባለ 4 እና ባለ 8 ኦም ፓራለል ከታሰሩ፣ ባለ 4ቱ የሌላውን እጥፍ ዋት ይወስዳል። በሲሪየስ (አንዱ ከሌላው ተቀጥሎ በአንድ መስመር) ሲሆን ተገላቢጦሽ ነው፤ እጥፉን የሚወስደው ባለ 8ቱ ነው። አንዱ ከሌላው በርታ ብሎ ይሰማል። ያነሰው እንዲሰማ ድምፅ ሲጨመር ያኛው ሊቃጠል ይችላል።

ብሪጅ ሲደረግ (ሁለት ቻናል ተጣምሮ አንድ ስፒከር ሲነዳ) ሒሳቡን መርሳት። ብሪጅ የተደረገ አምፕ ላይ ባለ 4 ኦም ስፒከር ሲታሰር እያንዳንዱ ቻናል የሚሰማው 2 ኦም ነው። ስለዚህ በስቴሪዮ እስከ 2 ኦም የሚችል አምፕ፣ በብሪጅ ከ4 በታች አይሰጠውም። ሁለት ኮይል (በስፒከሩ ውስጥ ያለ የሽቦ ጥቅል) ያለው ቤዝ ሲገዙ ይሄን ያስቡ፦ ሁለቱም ኮይል ባለ 2 ኦም ከሆነ በሲሪየስ 4፣ በፓራለል 1 ይሆናል። 2 ኦም ማግኘት አይቻልም! ከፍለው ከወጡ በኋላ ነው ብዙዎች የሚያውቁት።

ሳይለኩ ማብራት። ገመዱን ከአምፑ ነቅለው ኦሙን በቴስተር ይለኩ። ባለ 4 ኦም ስፒከር 3.5 አካባቢ ቢያሳይ አልተበላሸም።

1 ኦምን ማሳደድ። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፅ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ ያን ያህል አይገረምበትም። ከባትሪ የሚሳበው ከረንት ግን በጣም ይጨምራል፣ ወፍራም ገመድና ትክክለኛ ፊውዝም ይፈልጋል። አሁን እንኳ ቤዙ ሲመታ የፊት መብራትዎ የሚደበዝዝ ከሆነ፣ 4 ኦም ላይ ይቆዩ።