መጀመሪያ ዛፉ፣ ከዚያ መጽሐፉ፦ የጸደይ ንባብና ግጥም በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዴት እንደሚዘጋጅ

ብዙውን ጊዜ የጸደይ ዝግጅት በባነር ይጀመራል። «ተፈጥሮን እንንከባከብ» የሚል ጨርቅ ይሰቀላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ሁለት ልጆች የተሰጣቸውን ግጥም በቃላቸው ይወጣሉ፣ ችግኝ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሣል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ችግኙን የሚያጠጣው ይጠፋል። ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩት መጻሕፍትም ገጻቸው ሳይገለጥ ወደ መደርደሪያ ይመለሳሉ። እኔም እንዲህ ያለውን ዝግጅት ከአንድም ሁለት ጊዜ አዘጋጅቻለሁና ሌላውን ለመውቀስ አይደለም።

ኋላ ላይ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። ልጆቹ መጀመሪያ አንድ ዛፍ ያያሉ፣ ከዚያ ያነባሉ፣ ከዚያ ይጽፋሉ፤ ዘር መዝራት መጨረሻ ላይ ይመጣል። ከ8 እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች የሚስማማ ሲሆን ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይወስዳል።

1. ጊዜውን ወስኑ

ዩኔስኮ በ1999 የዓለም የግጥም ቀን ብሎ የሰየመው ማርች 21ን (መጋቢት 12) ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2012 ለደን የሰጠውም ያንኑ ዕለት ነው። ማግስቱ የውሃ ቀን ነው። ኤፕሪል 22 (ሚያዝያ 14) የመሬት ቀን፣ በማግስቱ ኤፕሪል 23 ደግሞ የመጽሐፍ ቀን ይውላል። ስለዚህ በግጥምና በደን ጀምሮ በመሬትና በመጽሐፍ የሚዘጋ አምስት ሳምንት ያህል ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ከምድር ወገብ በስተደቡብ ጸደይ በሴፕቴምበር ስለሚገባ፣ እዚያ ያለ አንባቢ ቀኖቹን ትቶ እምቡጡን ይከተል።

2. አንድ ዛፍ፣ አንድ ቅርንጫፍ

ከቤተ መጻሕፍቱ መስኮት የሚታይ ዛፍ ካለ እሱን ምረጡ። ከሌለ ቁጥቋጦም፣ ከግንብ ስንጥቅ የበቀለ አረምም ይሆናል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቅርንጫፍ መርጦ ባለቀለም ክር ላላ አድርጎ ይሰርበት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በተቻለ መጠን በተመሳሳይ ሰዓት፣ አሥር ደቂቃ ብቻ ወጥተው ያያሉ፤ ያዩትን ከነቀኑ በደብተር ይጽፋሉ።

አንድ ሕግ አለኝ፦ «ቆንጆ»፣ «ውብ»፣ «ማራኪ» የሚባሉ ቃላት በዚህ ደብተር አይገቡም። በምትኩ ይለኩ፤ እምቡጡ ከጥፍራቸው ያንሳል ወይስ ይበልጣል? ያሽትቱ፤ ቅርፊቱን በጣታቸው ይዳብሱ። ማን እንደሚመላለስበትም ይዩ፦ ጉንዳን፣ ንብ፣ ወፍ። ቅርንጫፍ አይሰበርም፤ ጎጆ ከታየ ደግሞ ራቅ ብሎ ማየት እንጂ መንካት የለም። ይህን በቃል ብቻ አትናገሩ፤ የመጀመሪያው ቀን አብራችሁ ውጡና እናንተው ርቃችሁ ቁሙ።

3. መደርደሪያውን አዋሕዱ

መጻሕፍት በርዕሰ ጉዳያቸው ቁጥር በሚሰጣቸው በዲዊ አመዳደብ ሥርዓት ዛፍና ዕፅዋት 580ዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ነፍሳት 595 ላይ፣ ወፎች 598 ላይ፣ ግጥም ግን 800ዎቹ ውስጥ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ስለ ወፍ የሚያስረዳው መጽሐፍና ስለ ወፍ የተገጠመው ግጥም የሚቀመጡት በክፍሉ ሁለት ጫፍ ነው። ለእነዚህ ሳምንታት አጋቧቸው። ከ12 እስከ 15 መጻሕፍት ይበቃሉ፤ ሽፋናቸው ወደ ፊት ይዙር፣ የወፉ መጽሐፍ አጠገብ የወፉ ግጥም ይቁም። ከዚህ በላይ ማብዛት መደርደሪያውን መልሶ መደርደሪያ ያደርገዋል። አንድ ልጅ ቅርንጫፉ ላይ ያየውን ነፍሳት ስም ፈልጎ ሲመጣ መልሱን አትንገሩት፣ መጽሐፉን ስጡት።

4. ሦስት ጊዜ ማንበብ

አንድ አጭር ግጥም ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። መጀመሪያ አንብቡላቸው። ቀጥሎ ዓይናቸውን ጨፍነው ይስሙት። በሦስተኛው እነሱ ያንብቡት፣ አንድ ስንኝ በአንድ ልጅ። «የግጥሙ መልእክት ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይህች ጥያቄ የገደለችውን ግጥም የቆጠረው የለም። «የትኛዋ ቃል ጆሯችሁ ውስጥ ቀረች?» በሏቸው፤ ከዚያ ስለዚያች ቃል ተጨዋወቱ።

5. መግጠም

ልጅ «ግጠም» ሲባል መጀመሪያ የሚፈልገው ቤት መምቻ ነው። የስንኙ መጨረሻ ፊደል እንዲገጥምለት ሲል ያላየውን ይጽፋል፤ ለምሳሌ «እስትንፋስ» የሚለው ቃል ያለ ቦታው የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ቤት በማይመታው በጃፓኖቹ ሃይኩ ጀምሩ። ሦስት ስንኝ አለው፦ 5፣ 7፣ 5 ቀለም (ቀለም ማለት አንድ ጭብጨባ የሚወስድ የድምፅ ክፍል ነው)። በልማድም ወቅቱን የሚጠቁም ቃል ይገባበታል።

በአማርኛ ስትቆጥሩ ፊደል አትቁጠሩ። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ድምፁን ለጎረቤቱ ይሰጣልና፣ «ቅርንጫፍ» አምስት ፊደል ሆኖ ሳለ በጭብጨባ ሦስት ነው፦ ቅ፣ ርን፣ ጫፍ። ልጆቹ እያጨበጨቡ ይቁጠሩ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ለአንድ ቀን ቢንጫጫ ችግር የለውም። ከእምቡጥ ማስታወሻ የወጣች አንድ ምሳሌ ይህች ናት፦

ትናንት ዝግ ነበር
ዛሬ ጫፉ ተከፍቶ
ጉንዳን ገባበት

የሚያርሙትን ስታግዙ በጥያቄ ይሁን።

«ዛፉ ያምራል።»
«ምኑ?»
«ቅጠሉ።»
«ቅጠሉ አሁን ምን ይመስላል?»
«እ... የታጠፈ ጃንጥላ።»

ይህን ጊዜ ዝም በሉና እርሳሱን ስጡት። ቤት መምታት የሚወዱ ልጆች ግን መከልከል የለባቸውም። ሃይኩውን ከጨረሱ በኋላ ስድስት ስድስት ቀለም እየቆጠሩ ወል ቤት በሚባለው የአማርኛ ግጥም ስልት ይሞክሩት፤ አሁን የሚሉት ነገር ስላላቸው ቤቱ አይመራቸውም።

6. ከግጥሙ ሥር ቀን ይጻፍ

ከሁሉም ደረጃ ይህን እንዳትዘሉ። ኪዮቶ ውስጥ የቼሪ አበባ የሚፈካበት ቀን ከ812 ጀምሮ ክፍተት ቢኖረውም ተመዝግቦ ይገኛል። መዝገቡን ያጠናቀሩት የዘመናችን ተመራማሪዎች ቀኖቹን ከጥንት ሰዎች የዕለት ማስታወሻና ዜና መዋዕል ነው የለቀሙት። ጻፊዎቹ ስለ አየር ንብረት ለውጥ አስበው አልነበረም፤ አበባውን አዩ፣ ቀኑን ጻፉ። በ2021 አበባው ሙሉ ለሙሉ የፈካው ማርች 26 ላይ ሆነ፤ ከ1,200 ዓመት በላይ በሚሸፍነው መዝገብ እስከዚያ ዓመት ድረስ እጅግ የቀደመው ቀን ይህ ነበር። እንዲህ ማለት የተቻለው የድሮዎቹ ቀን ስለጻፉ ነው። የእናንተም ልጆች «ጉንዳን ገባበት» ካሉ በኋላ ቀኑን ይጻፉ።

7. ዘር

ለጀማሪ ባቄላ ወይም ቦሎቄ ጥሩ ነው፤ ዘሩ ትልቅ ስለሆነ ለትንንሽ ጣቶች ይመቻል፣ ሙቀት ካገኘም በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ብቅ ይላል። የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን አፈር ሞልታችሁ፣ ከሥር ቀዳዳ አውጥታችሁ፣ ዘሩን የራሱን ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያህል አጥልቃችሁ ቅበሩ። አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ከነቀኑ በስም ጽፋችሁ ለጥፉ፤ «ሁላችን» ከተባለ ይደርቃል።

የዘር ጠረጴዛው ከመጻሕፍቱ ራቅ ይበል። አንድ ጊዜ ልጆች አበባ ተጭነው ያድርቁ ብዬ ትልቁን መዝገበ ቃላት ሰጠኋቸው፤ እርጥበቱ ገጾቹን አጣብቆ ሻገቱ፣ ቡናማ ምልክቱም አልለቀቀም። ቅጠል የሚጫነው በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ነው።

የድሮ የካርድ ካታሎግ (የመጻሕፍት ዝርዝር ካርዶች ይቀመጡበት የነበረ) መሳቢያ ካላችሁ አትጣሉት፤ የዘር ፖስታ ልክ ይገጥምበታል። ልጅ ዘር እንደ መጽሐፍ ይዋሳል፣ ያበቅላል፣ ፍሬ ሲሰጥ ጥቂት አድርቆ ይመልሳል። ቦሎቄና ሰላጣ ባብዛኛው ራሳቸውን ስለሚያዳቅሉ የሚመለሰው ዘር የተዋሱትን ዓይነት ይሆናል። ዱባ ግን ከጎረቤት ዱባ ጋር ይዳቀላልና ከመሳቢያው ብታስቀሩት ይሻላል።

8. የንባብ ቀን

መድረክ አያስፈልግም። ከዛፉ ሥር ወይም መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው እያንዳንዱ የራሱን ግጥም ከነቀኑ ያነባል፤ ማንበብ ያልፈለገ ጓደኛው ያንብብለት። ከዚያ ግጥሞቹን ጠርዙ፣ እንደ ሌላው መጽሐፍ ቁጥር ስጡት፣ መደርደሪያ ላይ አቁሙት፣ አውሱት። ለሚቀጥለው ዓመት ባዶ ገጽ ተዉበት።

ልጆቹ ከመበተናቸው በፊት ወደ ዛፉ ይመለሱና ክሮቹን ይፍቱ። ቅርንጫፍ ሲወፍር የተረሳ ክር ያንቀዋል።